«በምን ሠራኸው?»
በቪዲዮ ኤዲተሮች ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሊቀመንበሩ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሥራ አስፈጻሚና የኦዲት ኮሚቴ አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶቻችን፤

ሁላችሁንም እንኳን ደህና መጣችሁ እላለሁ። አዳራሹን ያለ ክፍያ ለፈቀዱልን፣ ሻዩንና ቆሎውን ላዘጋጁልን ሁሉ ምስጋናችን የላቀ ነው። በዓመቱ ውስጥ ላጣናቸው አባሎቻችን የኅሊና ጸሎት አድርገናልና እርሱን አልደግመውም።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን በዝርዝር ስለሚያቀርቡት እኔ ዋና ዋናውን ብቻ ልጥቀስ። የቢሮ ኪራያችንን ሳናቋርጥ ከፍለናል። ሦስት ሥልጠናዎች ሰጥተናል፤ አንደኛው መብራት ጠፍቶ በግማሽ ቀርቷል። ሠርግ ሠርተው ቀሪ ክፍያቸውን የተከለከሉ ሁለት አባሎቻችን ገንዘባቸውን በሽምግልና እንዲያገኙ አድርገናል። የኦዲት ሪፖርታችን ንጹሕ ነው። በዚህ ሁሉ እኮራለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ግን ከዚህ ውስጥ የለም።

ሁለት የሙያችን ሰዎች ተገናኝተው አንዱ ሥራውን ለሌላው ሲያሳይ፣ «እዚህ ጋ ለምን ቆረጥከው?» ወይም «ድምፁን ከምስሉ ለምን አስቀደምከው?» የሚል ጥያቄ ብሰማ ደስ ባለኝ ነበር። የምሰማው ግን «በምን ሠራኸው?» የሚለውን፣ በየትኛው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ማለትን ነው። መልሱ ከተሰጠ በኋላ ሥራውን የሚያይ የለም። «በፕሪሚየር» ካለ «ዛሬ ስንት ጊዜ ተዘጋብህ?» ይባላል። «በፋይናል ከት» ካለ በአፕል የጀማሪ ፕሮግራም ስም «የአይሙቪ ታላቅ ወንድም» ተብሎ ይሳቅበታል። በቀለም ማረሚያነቱ የታወቀውን ዳቪንቺ የሚጠቀመውን «አንተ ቀለምህን ቀባ» ይሉታል፤ ኤዲየስ የሚጠቀመው «የሠርግ ሰው» ነው። የጀማሪ የሚባሉትን ፊልሞራ ወይም ካፕከት ያለ እንደሆነ ስድብ እንኳ አይወጣለትም፤ ፈገግ ይሉበትና ወሬ ይቀይራሉ። በዚህ ዓመት ማኅበራችንን የጎዳው ያ ፈገግታ ነው።

ጉዳቱን በገንዘብ ልንገራችሁ፤ ገንዘብ ሁላችንም የሚገባን ቋንቋ ነውና። ለወጣቶች ማሠልጠኛ ክፍል ኮምፒውተር መግዣ የሚሆን ገንዘብ ከመዋጯችንና ከአንድ ለጋሽ ድጋፍ አጠራቅመን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገንዘቡ ሞላ። የቀረው መግዛት ብቻ ነበር። አንዱ ወገን ፋይናል ከት የሚሠራበት የአፕል ኮምፒውተር፣ ማክ፣ ካልሆነ አይገዛም አለ፤ ሌላው ወገን ዊንዶውስና ደህና የግራፊክስ ካርድ ያለው ካልሆነ አይገዛም አለ። ንዑስ ኮሚቴ አቋቋምን። ንዑስ ኮሚቴው ዘጠኝ ጊዜ ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤው እጄ ላይ ነው፤ ስም ሳልጠራ ከሰባተኛው ስብሰባ አንድ መስመር ብቻ ላንብብላችሁ፤ «በማክ ያልሠለጠነ ልጅ ኤዲተር ነው ብዬ የምስክር ወረቀት ላይ አልፈርምም።» ከሥር የተመዘገበው መልስ ደግሞ ይህ ነው፤ «አንተ ሳትፈርምለትም ሠርቶ ይበላል።» እነዚህ ሁለት ሰዎች ዛሬ እዚህ አሉ፤ አጠገብ ለአጠገብ እንዳልተቀመጡ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።

በዚህ ክርክር ላይ ሳለን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደረሰ። የውጭ ምንዛሪው አሠራር ተለወጠና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኮምፒውተር ደግሞ በብር የሚሸጥ ቢመስልም ዋጋው የሚቆረጠው በዶላር ነው። አራት ኮምፒውተር የሚገዛ ገንዘብ ነበረን፤ አሁን ለሁለት ቢበቃ ነው። መንግሥትም ነጋዴም አልቀማንም። ዘጠኝ ጊዜ ተሰብስበን፣ ሻይ ጠጥተን፣ በራሳችን እጅ ነው ያጣነው።

እስቲ ስለምንጣላባቸው ነገሮች ትንሽ እናስታውስ፤ ታናናሾቻችን ይህን ታሪክ ላያውቁት ይችላሉና። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን የመጀመሪያውን ፕሪሚየር የሠራው ራንዲ ኡቢሎስ የሚባል መሐንዲስ ነው። ይኸው ሰው በኋላ የፕሪሚየርን ባለቤት አዶቤን ለቅቆ ማክሮሚዲያ የተባለ ሌላ ኩባንያ ገባና ሌላ ፕሮግራም ጀመረ፤ አፕል ያን ጅምር ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ፋይናል ከት ፕሮ ብሎ አወጣው። እንግዲህ የፕሪሚየርና የፋይናል ከት ወገን ነን ብላችሁ ቡና የማትጠጣጡት የአንድ ሰው እጅ ሥራ ይዛችሁ ነው። ዳቪንቺም ቢሆን ሥራውን የጀመረው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ፣ ስቱዲዮ ውስጥ የሚተከል የቀለም ማረሚያ መሣሪያ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ብላክማጂክ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ገዛውና በሁለት ዓመት ውስጥ ማንም በነፃ የሚያወርደው ቅጂ ወጣለት። ትናንት የባለጠጋ ዕቃ የነበረውን ዛሬ በነፃ ስለሚገኝ የምንንቀው ከሆነ፣ የምናከብረው ዋጋውን ነበር ማለት ነው።

የዋጋ ነገር ከተነሣ አንድ የማያስደስት እውነት ልናገር። አዶቤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እንደ ፕሪሚየር ያሉ ፕሮግራሞቹን አዳዲስ እትም በወርሃዊና በዓመታዊ ክፍያ እንጂ በአንድ ጊዜ ሽያጭ አይሰጥም። በብር ካርድ ያን መክፈል ለብዙዎቻችን እንዳልተቻለ ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ በካፕከት የሚሠራውን ልጅ «ፕሮፌሽናል አይደለህም» የምንለው ብዙዎቻችን፣ ፕሮፌሽናል የሆንበትን ፕሮግራም ያገኘነው ከአንድ ወዳጃችን ፍላሽ ላይ፣ ቁልፉ ተሰብሮ፣ ከነክራኩ ነው። ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሠርቻለሁ። ነገር ግን ባልከፈልንበት ዕቃ የምናሳየው ኩራት ለእኔ እስካሁን አይገባኝም።

ኩራቱን የማውቀው ግን ከውጭ ሆኜ አይደለም። እኔ ሥራ የጀመርሁት በሁለት የካሴት ዴክ ነው፤ ከአንዱ እያጫወትን በሌላው እየቀዳን፣ መሐል ላይ ስሕተት ከተገኘ ከስሕተቱ ወዲህ ያለውን ሁሉ እንደገና እንቀዳ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ኤዲየስ ያዝሁ፤ ከሦስት ዓይነት ካሜራ የመጣ የሠርግ ምስል ቅንብሩ በሚደረደርበት በአንድ ታይምላይን ላይ ሬንደር፣ ኮምፒውተሩ አስልቶ እስኪያዘጋጀው፣ ሳልጠብቅ ሲሄድልኝ ዓለም የእኔ መሰለችኝ። በዚያን ጊዜ አንድ ልጅ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ሙቪ ሜከር የእኅቱን ምርቃት ሠርቶ ሊያሳየኝ ስቱዲዮዬ መጣ። «በምን ሠራኸው?» አልሁት። ነገረኝ። ሳቅሁ፤ አጠገቤ የነበሩትም ሳቁ። ሲዲውን ከማሽኑ አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ወደ ሽፋኑ መልሶ ወጣ። ዛሬ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል። አምና አንድ ለቅሶ ቤት ተገናኝተን፣ በአክብሮት ብድግ ብሎ ወንበር ለቀቀልኝ። የምርቃቱ ቪዲዮ ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም፤ አላየሁትማ።

አሁን ወደ ጥምቀቱ ሥራ ልምጣ፤ ግማሾቻችሁ የምታውቁት ግማሹን ብቻ ነው። አምስት አባሎቻችን ጃን ሜዳ የቀረጹትን ምስል አዋሕደን በማኅበሩ ስም የአሥር ደቂቃ ሥራ ልናወጣ ተስማምተን ነበር። የመጀመሪያው ቅንብር በፕሪሚየር ተሠራ። ማጠናቀቁ ለአንድ የፋይናል ከት ባለሙያችን ተሰጠ። የፕሪሚየሩ ወንድማችን ኤክስኤምኤል፣ ማለትም ቅንብሩን ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ የሚያሻግር ፋይል፣ አውጥቶ ላከ፤ ፋይናል ከቱ አልከፍትም አለ። እውነት ነው፣ አይከፍትም፤ ፕሪሚየር የሚያወጣው በድሮው ፋይናል ከት 7 ቋንቋ የተጻፈውን ነው፣ አዲሱ ፋይናል ከት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ የታላቁን ቋንቋ ጥሎ ሌላ ይዞ መጥቷል። በዚያ ላይ በማይክሮሶፍት ወርድ የተጻፈው የርዕሶች ዝርዝር ማኩ ላይ ሲከፈት፣ «ከተራ» ይል የነበረው ቦታ ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ተደርድሮ ተገኘ። አንዱ «ይህ የዊንዶውስ ቆሻሻ ነው» አለ። ሌላው «ሚሊዮን ብር የሚያወጣው ማክህ አማርኛ አያነብም እንዴ?» ሲል መለሰ። ሁለት ሳምንት በዚህ አለፈ። ጥምቀት አለፈ፣ አስተርዮ ማርያምም አለፈች።

በመጨረሻ ጉዳዩን የፈታችው ባለፈው ዓመት የተመዘገበችው ታናሽ እኅታችን ናት፤ በሥልጠናው ላይ ስልኳን አውጥታ በካፕከት ስትሠራ የተሳቀባት። በቤቷ ባለው ላፕቶፕ ላይ ነፃውን ዳቪንቺ ጭናለች። የፕሪሚየሩን ኤክስኤምኤል እዚያ አስገባችው፣ ፋይናል ከት በሚያነበው ቋንቋ መልሳ አወጣችው። የፍጥነት ለውጦቹና አንዳንድ ኢፌክቶች አልተሻገሩም፤ ቁርጦቹ ግን እያንዳንዳቸው በቦታቸው ተገኙ። ስለ ጽሑፉ ስትጠየቅ ደግሞ የማንንም ኮምፒውተር አልወቀሰችም። የአማርኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ወደ ሆነው ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት የነበሩት የድሮ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የተጫኑ ነበሩ፤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ከሥር ያለው ላቲን ይገለጣል፤ ዝርዝሩም በእንዲህ ያለ ፎንት የተጻፈ ነበር። አሥራ አንዱን ርዕስ በዩኒኮድ እንደገና ጻፈችው። ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰች። ሁለት አንጋፋ ባለሙያዎች ሁለት ሳምንት የተሰዳደቡበት ነገር የፎንት ጉዳይ ነበር።

በዚህ ሥራ ግን ልኮራ አልቻልሁም። ስሟ በሥራው መጨረሻ ላይ እንዲገባ ሳሳስብ፣ «በዳቪንቺ ነፃ ቅጂ ለአንድ ሰዓት የሠራ ሰው ከእኛ እኩል አይጻፍም» የሚል ተቃውሞ መጣ። ሥራው እስከ ዛሬ ያልወጣው በዚህ ምክንያት ነው። አልቆ ተቀምጧል፤ ስም አጥቶ።

ዛሬ እዚህ ስለሌሉት አባሎቻችንም ሳልናገር አላልፍም። አዳራሹን ስታዩት ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ከቀሩት መካከል ሥራ የበዛባቸው፣ ሐዘን ላይ ያሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እነርሱን አይመለከትም። የሚመለከተው «ማኅበሩ የካፕከት ማኅበር ሆኗል» ብለው መዋጯቸውን ያቆሙትን ነው። አንድ ወንድማችን አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ የሚነግረው ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋምና ዛሬ ማታ ይሰማዋል። ማኅበሩ ሲመሠረት ማኅተሙን ያስቀረጸው በራሱ ገንዘብ ነው። እኔን ታይምላይን ላይ ድምፅ እንዴት እንደሚለሰልስ ያስተማረኝም እርሱ ነው፤ ያን ቀን የትኛው ፕሮግራም ላይ እንደነበርን እንኳ አላስታውስም፣ ያስተማረኝን ግን አሁንም እሠራበታለሁ። ወንድሜ፣ ሰባት ወር መዋጮ አልከፈልህም፤ እርሱን ተወው። ወጣቶቹ ጥያቄ ሲኖራቸው ለማን እንዲሄዱ እንደምነግራቸው ግን ቸግሮኛል፤ ለሰባት ዓመት የምልካቸው ወደ አንተ ነበር።

ወጣት አባሎቻችንም ከወቀሳው አታመልጡም። በተናቃችሁበት መጠን እናንተም ንቀት ተምራችኋል። አንድ ሠልጣኝ ባለፈው ወር አንድ አንጋፋ ባለሙያን «ጋሼ፣ ኤዲየስ እስካሁን አለ እንዴ?» ሲላቸው ሰምቻለሁ። አለ። እርሳቸውም አሉ። በዚያ በኤዲየሳቸው በአንድ ቅዳሜ የሠሩትን መልስና ቅልቅል አንተ በአዲሱ ፕሮግራምህ በሳምንት አትጨርሰውም።

ተጠራጣሪ ካለ ከሙያው ትልልቆች አንድ ልጥቀስ። የፊልም ኤዲተሩ ዋልተር መርች በፊልም መቁረጫ ማሽን የጀመረ፣ አቪድ በተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም በሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1997 የኦስካር ሽልማት የወሰደ ሰው ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ አንድ ትልቅ የሆሊውድ ፊልም፣ ያን ጊዜ ብዙዎች እንደ መጫወቻ በሚያዩት 999 ዶላር በሚሸጠው ፋይናል ከት ሠራና በእርሱም ለኦስካር ታጨ። መሣሪያውን የቀየረው ወገን ሊለይ ሳይሆን ለያዘው ሥራ የሚመቸውን ፈልጎ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው አጀንዳ ልግባ። በሦስተኛው ተራ ላይ የተያዘው የማሠልጠኛ ክፍሉ ጉዳይ ነው። የሥራ አስፈጻሚው ያዘጋጀው የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የአንድም ሶፍትዌር ወይም ኮምፒውተር ስም እንዳይጻፍ አድርጌአለሁ፤ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ የቀረው ገንዘብ ብር ከዚህም በላይ ሳይረክስ በ15 ቀን ውስጥ ለግዢ ይዋል ወይስ አይዋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ግዢውን ከሦስት ሰው ያልበለጠ ኮሚቴ፣ ውሳኔውም ለጉባኤ ሳይመለስ ይፈጽመው ወይስ አይፈጽመው የሚል ነው። በንዑስ ኮሚቴው ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ በአዲሱ ኮሚቴ እንዳትመረጡ እለምናለሁ። ተቃውሞ ያለው በወረቀቱ ጀርባ ይጻፍ፤ ማይክ ግን አይሰጥም፤ ዘጠኝ ስብሰባ ሙሉ ተናግረናል።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት፣ ከሻዩ በኋላ፣ መብራት ካለ፣ የጥምቀቱን ሥራ በዚህ መጋረጃ ላይ እናያለን። መጨረሻው ላይ የሰባት ሰው ስም በፊደል ተራ ተጽፏል፤ ማን በምን እንደሠራ አልተጻፈም። ይህን ያደረግሁት ማንንም ሳላማክር በሊቀመንበርነቴ ነው፤ ቅር የተሰኘ በአራተኛው አጀንዳ፣ በምርጫው ላይ፣ ሊያወርደኝ ይችላል።

ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን ሪፖርታቸውን ይዘው ወደ መድረክ ይምጡ፤ ከኋላ የቆማችሁም ከፊት ብዙ ወንበር አለ፣ ገባ ገባ በሉ።