ሞስኮ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ ማጣቀስ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ በሶቪየት ዘመን ተምራችሁ የተመለሳችሁ ታላላቆቻችን፣ ዘንድሮ የሩሲያ ጥናት ማስተርስ ለመማር የምትሄዱ ልጆች፤ እንኳን ወደ አራት ኪሎ በደህና መጣችሁ።

የሰነዱን ጉዳይ ቶሎ ልጨርሰው። ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት ከማስተርጎማችሁ በፊት ስማችሁን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ዲግሪው በአባት ስም ቆሞ ፓስፖርቱ አያት ከጨመረ፣ ወይም ተርጓሚው አንዱን ስም በሁለት ወረቀት ላይ በሁለት ዓይነት ከጻፈው፣ ጣጣው ሩሲያ ድረስ ይከተላችኋል። እዚሁ አስተካክሉት።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። ፕሮፖዛል አምጡ ሲባል የሚመጣው «የኢትዮጵያና የሩሲያ ግንኙነት ከአድዋ እስከ ዛሬ» ነው። ይኼ ለሁለት ዓመት ማስተርስ ርዕስ አይሆንም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ነው! ተማሪው ስለማይችለው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ገልብጦ ይመረቃል።

እስቲ አንድ ሰው ብቻ እንውሰድ። በ1888 ዓ.ም ከአድዋ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቁስለኛ ሊያክም ሲመጣ አሌክሳንደር ቡላቶቪች የሚባል የፈረሰኛ መኮንን አብሮ መጣ። በ1890 ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከካፋ ተነስቶ እስከ ቱርካና ሐይቅ ወረደ፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1900 አሳተመ። በኋላ መንኩሶ አባ አንቶኒ ተባለ፤ በምንኩስናውም ተመልሶ አገራችን መጥቷል። እሱስ ቢያንስ በእንግሊዝኛ ተተርጉሟል። አብረውት የመጡት ሐኪሞችና ከሱ በኋላ የመጡት መልእክተኞች የጻፉትን ማን ያንብብላችሁ?

ማንበቡ ደግሞ የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1918 በፊት የታተመ የሩሲያኛ መጽሐፍ ዛሬ የተጣሉ ፊደሎች አሉበት፤ እሱ በሳምንት ይለመዳል። ፈተናው የእጅ ጽሑፉ ነው። ቴ የምትባለው የሩሲያኛ ፊደል በእጅ ስትቀጠል ሦስት እግር ታወጣና ሻ ከምትባለው ፊደል ጋር ትምታታለች። ደግ ጸሐፊ በቴ አናት፣ በሻ ሥር ጭረት ያደርጋል፤ ቸኩሎ የጻፈ ዲፕሎማት ግን ይህን አያደርግላችሁም። ስለዚህ በፖድፋክ፣ ማለትም ቋንቋ በምትማሩበት የመሰናዶ ዓመት፣ ከመጀመሪያው ቀን ማስታወሻችሁን በቅጥል የእጅ ጽሑፍ ጻፉ። የታሪክ መዝገብ ቤት (አርካይቭ) ስትገቡ ፎንድ (ስብስቡ)፣ ኦፒስ (ዝርዝሩ)፣ ዴሎ (ፋይሉ)፣ ሊስት (ቅጠሉ) የሚባሉትን አራት ቁጥሮች ሳትመዘግቡ ገጽ አትገልብጡ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ማጣቀሻችሁን ማንም ፈልጎ አያገኘውም።

አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ነገር ሩሲያዊ በሩሲያኛ ጽፎ አስቀምጦልን፣ የእኛ ልጅ ሞስኮ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ ሲያጣቅሰው እንዴት ዝም ይባላል? ይህንንስ የሚያጸድቅ አማካሪ ምን ይባላል? የሩሲያ ጥናት ተብሎ ሩሲያኛ ካልተነበበበት፣ የአውሮፕላን ትኬት ነው እንጂ ትምህርት አይደለም!

ፖድፋክ ስትመዘገቡ የሰብአዊ ጥናት ዘርፍ ምረጡ፤ ካልሆነ ታሪክ በምትማሩበት ሰዓት ሒሳብ ትቀመጣላችሁ። ቶርፍል የሚባለው የሩሲያኛ ቋንቋ ፈተና አንደኛ ደረጃው ወደ 2,300 ቃላት ይጠይቃል፤ አምስት ክፍል አለው፤ ማለፊያው በየክፍሉ 66 በመቶ ነው። ሰዋስው ላይ 90 አምጥቶ ማዳመጥ ላይ 55 ያመጣ ወድቋል። ሁለተኛው ደረጃ ወደ 10,000 ቃላት ይደርሳል፤ መዝገብ ቤት ገብታችሁ ለማንበብ የሚያበቃችሁ እሱ ነው።

የኦብሽዢቲዬውን፣ የተማሪ ማደሪያውን፣ ኑሮና የብርዱን ነገር ታላላቆቻችሁ ቡና ላይ ይንገሯችሁ፤ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። አመሰግናለሁ።