ውስኪው ጠቆረ ማለት ቆየ ማለት ነው?

ሰላም፦ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ «ይሄ ጠቆር ያለው የቆየ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ልክ ነው?

ዮናስ፦ ብዙ ጊዜ አይደለም። ውስኪም ሆነ ሩም ወይም ኮኛክ ከማንጠሪያው ሲወጣ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ቀለም ከአልኮሉ ጋር አይተንም። የምታዪው ሁሉ በኋላ የገባ ነው።

ሰላም፦ ከበርሜሉ ማለት ነው።

ዮናስ፦ በአብዛኛው። የኦክ በርሜል ውስጡ በእሳት ይለበለባል። ለቡርቦን፣ ማለትም በዋናነት ከበቆሎ ለሚሠራው የአሜሪካ ውስኪ፣ አራተኛ ደረጃ የሚባለው ልብለባ 55 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ላዩ ከሰል ሲሆን፣ ከስሩ ያለው እንጨት ስኳሩ ያርና ቀላ ይላል። ሙቀት ሲጨምር መጠጡ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፣ ሲበርድ ታኒን የሚባለውን የእንጨቱን መራራ ንጥረ ነገርና ያረረ ስኳር ይዞ ይመለሳል።

ሰላም፦ ታዲያ ብዙ በተኛ ቁጥር መጥቆር የለበትም?

ዮናስ፦ በርሜሉ አዲስ ከሆነ። የአሜሪካ ሕግ ለቡርቦን አዲስ የተለበለበ ኦክ ስለሚያስገድድ በ4 ዓመት ይጠቁራል። ስኮች፣ የስኮትላንዱ ውስኪ፣ ግን ብዙውን ጊዜ ቡርቦን የወጣለት አሮጌ በርሜል ውስጥ ነው የሚተኛው። በርሜሉ ሦስተኛ ዙር ላይ ከደረሰ 12 ዓመት ቆይቶም የገለባ ቀለም ሊይዝ ይችላል።

ሰላም፦ ለቀለም ይጨመራል የሚባለው ካራሜልስ?

ዮናስ፦ ኢ150ኤ የሚባለው፣ ከተቃጠለ ስኳር የሚሠራ ማቅለሚያ ነው። ስኮች ላይ ይፈቀዳል፣ ቡርቦን ላይ ክልክል ነው። በርሜሎች ስለሚለያዩ የዘንድሮው ጠርሙስ ከአምናው እንዳይለይ ይጨምሩታል። ተገላቢጦሹም አለ፦ አንዳንድ ነጭ ሩም በርሜል ውስጥ ከቆየ በኋላ በከሰል ተጣርቶ ቀለሙ ይወጣለታል። ዓይንሽን አትመኚ የምለው ለዚህ ነው።

ሰላም፦ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑት መጠጦችስ?

ዮናስ፦ የብሉ ኩራሳዎ፣ የብርቱካን ጣዕም ያለው ጣፋጭ መጠጥ፣ ሰማያዊ ብዙውን ጊዜ የምግብ ቀለም ነው፣ እሱን እንለፈው። አብሲንት የሚባለው በቅጠላ ቅጠል የሚዘጋጅ ጠንካራ መጠጥ ይሻላል። ከተነጠረ በኋላ ቅጠላ ቅጠል ይዘፈዘፍበታል፤ አረንጓዴው ክሎሮፊል፣ የቅጠሉ የራሱ ቀለም፣ ነው። ብርሃን ካገኘው ወደ ደረቀ ቅጠል ቀለም ይለወጣል፣ ስለዚህ ጥቁር ጠርሙስ ይፈልጋል።

ሰላም፦ ቤት ውስጥ መሞከር ለሚፈልግስ?

ዮናስ፦ በተርፍላይ ፒ የሚባለው ሰማያዊ አበባ ቀላሉ ነው። ለ700 ሚሊሊትር ጂን 5 ግራም የደረቀ አበባ ነክሮ በየ20 ደቂቃው ማየት፤ ቀለሙ ሲበቃ ወዲያው በቡና ማጣሪያ ወረቀት ማጥለል። ሌሊቱን ካደረ ሣር ሣር ይላል። ሎሚ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ ሐምራዊ ይዞራል፤ ቀለሙ አንቶሳያኒን የሚባል የአበባ ቀለም ስለሆነ ከአሲድ ጋር ይለወጣል። ስለዚህ ሎሚውን ጠርሙሱ ውስጥ ሳይሆን ብርጭቆ ላይ ነው የሚጨምሩት።