ከኮምፒውተሩ ጎን ያለው ደብተር

እንደምን አመሻችሁ! ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ደብተር ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር የተያያዘ ተራ ደብተር። ያየሁት አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ፣ ከኮምፒውተሩ ጎን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የታካሚ መመዝገቢያ የሠራነው እኔና ጓደኞቼ ነን። ሥራ ከጀመረ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። እንዴት እየሄደላችሁ ነው ልል ጎራ አልኩ።

ካርድ የምታወጣውን እህት "ይሄ ደብተር የምንድን ነው?" አልኳት።

"ሲስተሙ እምቢ ያለኝን የምጽፍበት ነው" አለችኝ።

ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። ከግማሽ በላይ ተጽፎበታል። ክው አልኩ።

ሲስተሙን ስንሠራ ከአፋችን የማይጠፋ አንድ ቃል ነበር፤ "ቀለል እናድርገው"። ጥሩ ቃል ነው። ግን ለማን ነው የሚቀለው ብለን አልጠየቅንም። ለምሳሌ ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ አደረግናት። በየአራት ዓመቱ 6 እንደምትሆን ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም። ለአንዲት ቀን ብለን ኮዱን አናወሳስብ ተባባልንና አለፍነው።

ደብተሩ ላይ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃን አገኘሁ። እናቱ ለክትባት ይዛው መጥታ ነው። ሲስተሙ ቀኑን አልቀበልም አለ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሕፃኑ ያለቅሳል። ካርድ ክፍሏ መስከረም 1 ቀን 2016 ብላ አስገባችውና ትክክለኛውን ቀን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። የአንድ ቀን ልዩነት ነው ትሉ ይሆናል። ወረቀት ላይ ግን ልጁ የ2015 ልጅ መሆኑ ቀርቶ የ2016 ልጅ ሆነ። ነገ ትምህርት ቤት ሊመዘገብ ሲሄድ ዕድሜው የሚሰላው በዚያ ዓመት ነው። እናቱ ቢሮ ለቢሮ ስትንከራተት እኛ አጠገቧ የለንም።

ስም ላይም እንደዚሁ ነው ያደረግነው። ስምና የአባት ስም ይበቃል ብለን የአያት ስምን ተውነው። ለስክሪኑ ውበት ብለን ነው፤ ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ያምራል። ደብተሩ ላይ በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሦስት ሰዎች ተጽፈዋል። አንደኛው የስኳር ክትትል አለው። እሷ በአያታቸው ስም ትለያቸዋለች። እሷ ፈቃድ ወጥታ ሌላ ሰው ቢተካትስ? የአንዱ ካርድ ለሌላው ቢወጣስ? ይህን ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

ፍለጋውም ሌላ ጣጣ ነበረው። አንዱ "ኃይሉ" ብሎ ተመዘገበ፤ ሌላ ቀን የመጣ ተረኛ "ሀይሉ" ብሎ ፈለገው፣ አጣው፣ አዲስ ካርድ አወጣለት። አንድ ሰው፣ ሁለት ካርድ፣ ለሁለት የተከፈለ የሕክምና ታሪክ። እኛም ልናስተካክል ስንል ሌላ ማቅለል መጣብን፦ ሐንና ኀን ሁሉ ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ ለውጠን እናስቀምጥ። ደግነቱ አንዷ ባልደረባችን አስቆመችን። "ሠረቀ" ወጣ ማለት ነው፣ "ሰረቀ" ደግሞ ሌብነት ነው። ሰው ስሙን የጻፈበትን ፊደል ልንቀማው አንችልም። በመጨረሻ ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጣል፣ ለፍለጋ ብቻ የተስተካከለ ሌላ ቅጂ ይያዛል። ትንሽ ኮድ ጨመረ። ሥራው ግን የኛ ነው፣ እኛው ተሸከምነው።

የቀጠሮውን አጭር መልእክት ደግሞ ስሙልኝ። "ቀጠሮዎ ነገ 8:00" ይላል። እኛ ጠዋት 2 ሰዓት ማለታችን ነው፣ ኮምፒውተሩ እንደዚያ ነው የሚቆጥረው። እናቶቻችን 8 ሰዓት ሲባሉ ከምሳ በኋላ ነው የሚመጡት። ልክ ናቸው። ስድስት ሰዓት ሙሉ አርፍደው መጥተው ተራዎ አልፏል ይባላሉ።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንም ይህን ዓይነቱን ነገር በሌላ በኩል ያውቁታል። ፎርሙ አንድ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ ስም ይጽፋሉ፤ ከዚያ ዝምድናቸውን ሲያስረዱ ይውላሉ። ፎርሙን የሠራው ሰው ክፉ አይደለም። ቤተሰብ ሁሉ እንደ እሱ ቤተሰብ ይመስለዋል፣ ያ ነው።

ለሌላ ቦታ የተሠራን ነገር እንዳለ መገልበጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማየት ከፈለጋችሁ፣ አሪያን 5 የምትባለው የአውሮፓ ሮኬት አለችላችሁ። በፈረንጆቹ ሰኔ 4 ቀን 1996 ተተኮሰች፤ 40 ሰከንድ ገደማ ቆይታ ተበታተነች። ከቀዳሚዋ ከአሪያን 4 የተወረሰ ኮድ አንድ ትልቅ ቁጥር ባለ 16 ቢት ቦታ፣ ማለትም ትልቅ ቁጥር በማይይዝ ጠባብ ቦታ ውስጥ ሊያስገባ ሞክሮ አልበቃውም። መሐንዲሶቹ ለአደጋ የተጋለጡ 7 ቁጥሮችን ለይተው ነበር። 4ቱን ጠበቋቸው፣ 3ቱን የኮምፒውተሩን ጫና ለመቀነስ ብለው ተዉአቸው። በአሪያን 4 ፍጥነት ያ ቁጥር ከልኩ አያልፍም ነበር። አሪያን 5 ግን ትፈጥን ነበር።

ኮድ ይወሳሰብ እያልኩ አይደለም። አምስት መስመር ለሚበቃው ነገር አምስት ፎቅ የሚሠራም አይቻለሁ፣ እሱም ያማርራል። የምለው፣ ጳጉሜ 6 እኛ ስላላስገባናት ከዓለም አትጠፋም። ከኮዳችን ስናወጣት ካርድ ክፍሏ ጠረጴዛ ላይ አረፈች። እኛ አንዴ ለፍተን ብንጽፈው ኖሮ እሷ በየቀኑ አትለፋም ነበር። ስለዚህ አንድ ሳጥን ስትሰርዙ፣ "ይሄ የተለየ ነው፣ ይቅር" ስትሉ፣ የሚሸከመውን ሰው በስም ጥሩ። ስሙን ካላወቃችሁ ሂዱና ተዋወቁት።

እኛ ያንን ደብተር ከእሷ ጋር ተቀምጠን ገጽ በገጽ አነበብነው። ሁለት ቀን ፈጀብን። የአያት ስም ተመለሰ። ጳጉሜ 6 ቀኗን አገኘች። መልእክቱ "ጠዋት 2 ሰዓት" ማለት ጀመረ። የሕፃኑም የልደት ቀን ተስተካከለ። ሲስተሙ ለማያውቀው ነገር ደግሞ እሷ እንደፈለገች የምትጽፍበት ባዶ ሳጥን ጨመርን።

ባለፈው ተመልሼ ሄጄ ነበር። ደብተሩ አሁንም ከኮምፒውተሩ ጎን አለ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈበት ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ፈቅዳልኝ፣ ስሞቹን ሸፍኜ ፎቶ አነሳኋቸው። ሰኞ ከባልደረቦቼ ጋር የምንጀምረው ከእነሱ ነው።

አመሰግናለሁ።