ማንም ያልፈለጋት ባለ አራት በር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው፣ ድምፄ የሚያስተጋባ ከሆነ ቤቱ ባዶ ስለሆነ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ስሠራት የነበረችው የ1931 ሞዴል ኤ ፎርድ ኩፕ፣ ባለ ሁለት በሯ፣ ባለፈው ወር ተሸጣ ሄደች፣ ወለሉ ላይ የቀረው የዘይት ጠብታና ክሪኮቹ የቆሙበት ምልክት ነው። ገዢው ጥሩ ሰው ነው፣ ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁት፣ ግን ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍተው ሆዴ ባር ባር ይላል።

እና ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ ቀጣዩ ምን መኪና ነው? ዛሬ ስለሱ ላውራችሁ፣ ምክንያቱም መርጫለሁ። ለመምረጥ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል።

ለአዲስ አድማጮች ባጭሩ፣ ሆት ሮድ ማለት አሮጌ የአሜሪካ መኪና፣ አብዛኛው ሰው እንደሚለው 1948ና ከዛ በፊት የተሠራ፣ አቅልለህ ዝቅ አድርገህ ሞተሩን አጠንክረህ እንደገና የምትሠራው ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው ደግሞ። እኔ የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው፣ ነገሩ ያደገው እዚሁ አካባቢ ነው። በ1930ዎቹ የዚህ አገር ጎረምሶች ያገለገለ ሞዴል ቲ ወይም ሞዴል ኤ በርካሽ ይገዙና ፓራፋንጎውን፣ ጣራውን፣ የማይጠቅመውን ሁሉ አውልቀው ሙሮክ የሚባል የደረቀ ሐይቅ ላይ ይሮጡበት ነበር። 1937 ላይ ክለቦቹ ተሰባሰቡና ፍጥነት የሚለካውን ማኅበር፣ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ታይሚንግ አሶሲዬሽንን መሠረቱ፣ ሙሮክን ወታደሩ ሲወስደው ኤል ሚራጅ ወደሚባል ሌላ የደረቀ ሐይቅ ዞሩ፣ ዛሬም እዛ አቧራ ላይ ይሮጣሉ።

ይሄን የማነሳው ለታሪክ ብዬ አይደለም። እነዛ ልጆች ሮድስተር፣ ክፍቱን መኪና ማለት ነው፣ የሚገዙት ርካሽ ስለነበረና ስለሚቀል ነው፣ ሌላው ሰው ጣራና መስኮት ያለው መኪና ሲፈልግ እነሱ የተተወውን አነሱ። ዛሬ ደግሞ ያው የተተወው መኪና ነው በዋጋ የማይነካው፣ በተለይ የ1932ቷ፣ ዲውስ የሚሏት፣ ፎርድ ለተራው ሰው ቪ8፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የጫነባት፣ ያኔ ሮድስተሯ ከ500 ዶላር በታች ትሸጥ የነበረችው። ኦሪጅናል ላሜራዋን ይዛ ከተገኘች እንደኔ ዓይነቱ ሰው አይደፍራትም። አዲስ የተሠራ ላሜራ ወይም ፋይበር ግላስ ገዝተህ ቅርጿን ማምጣት ትችላለህ፣ ያንን የሚሠሩ በጣም የማከብራቸው ጓደኞች አሉኝ፣ እኔ ግን የምወደው ያረጀውን ማዳን ነው፣ ብረቱ ሰው ያለፈበት ብረት ሲሆን ነው እጄ የሚሠራው።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው እንደገና ኩፕ ላይ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ፖሞና ላይ የመኪና ገበያ አለ፣ ሰው ገና ሳይነጋ ባትሪ ይዞ ነው የሚገባው፣ ሶማሌ ተራን የምታውቁ እሱን አስቡት፣ ካርቡሬተሩ፣ ቸርኬው፣ ማርሚታው፣ የበር እጀታው ሁሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት። ለስምንት ወር ገበያው በቆመ ቁጥር ሄጃለሁ፣ የ36 ኩፕ፣ የ40 ኩፕ፣ አንድ የሼቭሮሌት ፒክአፕ፣ ሁሉንም አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ከዓመታት በፊት የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ፣ አሁን የምትጀምሩ ካላችሁ ይጠቅማችኋል። የ1934 ሼቭሮሌት ገዝቼ ነበር። ቀለሟ ያማረ፣ ላሜራዋ ቀጥ ያለ፣ ዋጋዋ ተመሳሳይ ፎርድ ከሚጠየቅበት በጣም ያነሰ። ለምን እንደረከሰች አልጠየቅኩም። የዛን ዘመን ሼቭሮሌት ውስጡ እንጨት ነው፣ ላሜራው እንጨት ላይ ነው የተመታው፣ ፎርድ ደግሞ በዛው ዘመን አብዛኛውን ወደ ብረት አዙሮት ነበር፣ ሆት ሮድ ሠሪዎች ፎርድ ላይ የሙጥኝ ያሉበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። እኔ በሩን ስከፍተው ወደ ታች ወረደብኝ፣ ማጠፊያው ነው ብዬ ብሎኑን ሳጠብቀው ብሎኑ ዝም ብሎ ይዞራል፣ ምንም የሚይዘው ነገር የለም፣ ጣቴን ወደ ውስጥ ሰድጄ ሳወጣው እንጨቱ እንደ ቡና አተላ እጄ ላይ ቀረ። መላው ሰውነቷ እንደዛ ነበር። የሸጠልኝ ሰው ያውቅ ነበር አያውቅም አሁን ምንም አይጠቅመኝም፣ በሩን ከፍ አድርጌ አንዴ ብሞክረው ኖሮ አውቀው ነበር። እንጨት የሚያውቅ ሰው ሊሠራት ይችላል፣ እኔ ብረት ነው የማውቀው፣ በከፈልኩበት ግማሽ ሸጥኳት።

ከዛ ወዲህ መኪና ሳይ ቀለሙን መጨረሻ ነው የማየው። ማግኔት በመሐረብ ጠቅልዬ እይዛለሁ፣ ከበሩ ሥር፣ ከፓራፋንጎው ጀርባ፣ ከኋላ ሻንጣው ወለል ጥግ ላይ ቀስ አድርጌ አስኬደዋለሁ። ብረት ባለበት ማግኔቱ እጅህን ይስባታል፣ ስቱኮው ወፍራም የሆነበት ጋ ሲደርስ ይለቃል፣ ያቺ መልቀቋ እጅህ ላይ ትታወቅሃለች። ከዛ በጀርባዬ ተኝቼ ሥሯ እገባለሁ፣ በካቻቢቴ ወለሉን ነካ ነካ ነው፣ ጤነኛ ላሜራ ይጮሃል፣ የበሰበሰ ዝም ይላል። ሊብሬው ደግሞ ከሁሉ በፊት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ሻንሲው ላይ ከተመታው ጋር ካልገጠመ መኪናዋ የቱንም ያህል ብታምር ሂሳቤን ኪሴ ከትቼ ነው የምመለሰው፣ አንዴ በዚህ ነገር ሁለት ዓመት ቢሮ ለቢሮ ተመላልሻለሁ።

ግን እውነቱን ለመናገር ስምንት ወሩን የፈጀብኝ ዝገት አይደለም። ልጆቼ ናቸው።

ኩፗን ስጀምራት ትንሿ ልጄ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ስጨርሳት ዘጠኝ ሞላት። ስድስቱን ዓመት ሁሉ ቁልፍ እያቀበለችኝ ነው ያደገችው፣ ቁጥር የለየችውም በመፍቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፣ ሰባት በአሥራ ስድስትን አምጪ፣ ዘጠኝ በአሥራ ስድስትን አምጪ እያልኳት። ኩፗ ሁለት ሰው ነው የምትይዘው፣ የኋላ ክፍት መቀመጫ ያላቸው አሉ፣ የኔዋ የላትም። የጨረስኩ ቀን ፌርፋክስ ሄደን ምሳ እንብላ አልኩ፣ ሐበሻው ሰፈር፣ ሰው ሁሉ እንዲያያት ነበር ልቤ። ትልቋ ከኔ ጋር ገባች፣ ትንሿና እናቷ በቶዮታው ከኋላ ተከተሉን። መንገዱን ሙሉ ሰው እጁን ያወዛውዝልናል፣ ጥሩምባ ይነፋልናል፣ እኔ ደግሞ በመስታወቱ ከኋላ የምትመጣውን ቶዮታ ነው የማየው፣ ትንሿ ልጄ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ወደኛ ታያለች። ኦሊምፒክ መንገድ ላይ መብራት ይዞን ስንቆም ያየሁት ፊቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

አባዬ ፔዦ 404 ነበረችው፣ አዲስ አበባ። እሁድ ደብረ ዘይት እንወርዳለን፣ እኛ አምስት ልጆች፣ እማዬ፣ አንዳንዴ አክስቴም፣ ከኋላ አንዱ አንዱ ላይ ተቀምጦ፣ ምሳው በድስት እግራችን ሥር ሆኖ። አባዬ ካምቢዮውን ሲቀይር የሚያሰማው ድምፅ፣ የመቀመጫው ሽታ፣ ቃሊቲን ስናልፍ መስኮት ለመክፈት የምንጣላው ጥል፣ መኪና የወደድኩት እዛ መቀመጫ ላይ ነው። ፍጥነት አይደለም ያስወደደኝ፣ ሁላችንም መግባታችን ነው።

እዚህ ደግሞ የሆት ሮድ ሰው ባለ አራት በር አይፈልግም። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፣ የኩፕ ጣራ ወደ ኋላ የሚወርድበት መስመር ያምራል፣ ጣራውን ቆርጠህ ዝቅ ማድረግም ይቀላል፣ ባለ አራቱ ግን ምሰሶው ብዙ መስታወቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ባለ አራት በሮች ለኩፕ መለዋወጫ ሲታረዱ ነው የኖሩት፣ የፊቱ ይወሰዳል፣ ሞተሩ ይወሰዳል፣ ገላው ይጣላል። ይሄ ነገር ያሳዝነኛል። እነዛ ሙሮክ ላይ የሮጡት ልጆች የተተወውን ካነሱ፣ ዛሬ የተተወው እኮ ይሄ ነው።

እናላችሁ ያገኘኋት የ1947 ፎርድ ሱፐር ዴሉክስ ናት፣ ባለ አራት በር። ላንካስተር በኩል፣ በረሃው ውስጥ፣ ዝናብ በሌለበት አገር፣ አንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ። እሳቸው ራሳቸው «ለመለዋወጫ ነው የምትፈልጋት?» ብለው ነው የጠየቁኝ፣ አይ አባቴ ልነዳት ነው ስላቸው ከወንበራቸው ተነሱ። ማግኔቱ ከአንድ ቦታ በስተቀር የትም አልለቀቀም፣ ወለሉ ይጮሃል፣ የኋላ መቀመጫውን አይጥ በልቶታል፣ የጣራው ጨርቅ ተንጠልጥሏል፣ እነሱ ጨርቅ ናቸው። አራቱንም በሮች አንድ በአንድ ከፍቼ ዘጋሁ። ሁሉም ገጠሙ።

ሞተሯ ያው ፍላትሄድ ቪ8 ነው፣ 239 ኪዩቢክ ኢንች፣ 100 የፈረስ ጉልበት። ስለዚህ ሞተር ትንሽ ልበል፣ በጣም ስለምወደው። ቫልቮቹ ቴስታታው ውስጥ አይደሉም፣ ብሎኩ ውስጥ ናቸው፣ ቴስታታው ዝም ብሎ ጠፍጣፋ ክዳን ነው፣ ፍላትሄድ፣ ጠፍጣፋ ራስ፣ የሚለው ስምም ከዛ ነው የመጣው። ችግሩ ጭሱ ወደ ውጪ የሚወጣው ብሎኩን ሰንጥቆ አልፎ፣ በውሃው መሃል ስለሆነ ውሃውን ያሞቀዋል፣ መሞቅ የዚህ ሞተር የቆየ በሽታው ነው፣ ሲሞቅ ደግሞ ከቫልቩ ወደ ሲሊንደሩ ስንጥቅ ይሄዳል። ይዞር እንደሆነ ለማየት ሻማዎቹን አውጥተን ዘይት አንጠባጠብንበት፣ ሽማግሌው ቡና አመጡ፣ ስለ ሟች ባለቤታቸው አወሩኝ፣ ፎቶ አሳዩኝ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ረጅሙን መፍቻ ከፊት ያለው ፑሌጂያ ላይ ገጥሜ ሳብ አደረግኩት፣ እምቢ አለ፣ ደግሜ ሳብኩት፣ ከዛ ቀስ ብሎ፣ እንደሚቃትት ሰው፣ ዞረ። ሽማግሌው ትከሻዬን ያዙኝ፣ ሁለታችንም ዝም አልን።

በግራው በኩል ያሉትን 24ቱንም ዳዶዎች ፈትተን ቴስታታውን አነሳነው፣ በባትሪ አየሁት፣ በዓይን የሚታይ ስንጥቅ የለም። የማይታየውን ማሽን ሾፕ በማግኔት ዱቄት ይፈትሸዋል፣ ከተሰነጠቀ ሌላ ፍላትሄድ እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ የሼቭሮሌት 350 ሞተር ነው የሚጭነው፣ ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ዕቃው የትም አለ፣ ትክክል ናቸው። እኔ ግን ይሄ ድምፅ ከመኪናዋ እንዲወጣ አልፈልግም።

ጣራዋን አልቆርጥም። ባሌስትራዋን ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ባትሪዋን ከ6 ቮልት ወደ 12 እቀይራለሁ። የማልደራደርበት ፍሬኑ ነው፣ ዘይት ነው ፍሬኗ፣ ፎርድ ከ1939 ጀምሮ ነው ወደ ዘይት የገባው፣ ግን ለአራቱም ጎማ አንድ መስመር ነው፣ የትም ቦታ ቢያፈስ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ ስለዚህ የፊቱና የኋላው የሚለያይ ማስተር ሲሊንደር ይገባል። ቀበቶም ከፋብሪካ የላትም፣ ወለሉን ከሥር በወፍራም ላሜራ አጠናክሬ ለሁሉም መቀመጫ ቀበቶ አስራለሁ፣ ከሞተሩም ከቀለሙም በፊት የሚሠራው እሱ ነው። የጭስ ምርመራ የለባትም፣ ካሊፎርኒያ 1975ና ከዛ በፊት ላሉት ነፃ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነው ጫኝ መኪናው የሚያመጣት። ትናንት ማታ ወለሉን በሳሙና አጠብኩት፣ የዘይቱ ምልክት አልለቀቀም። ትንሿ ልጄ መጣችና በኖራ ጠመኔ የመኪና ቅርፅ መሬቱ ላይ ሣለች፣ በሮቹን ቆጠረች፣ ከዛ ከኋላ በግራ በኩል ባለው ውስጥ ገብታ ቁጭ አለችና ይሄ የኔ ነው አለች። አሁንም እዛው አለ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ነው የማወራችሁ። በሉ ቸር ሰንብቱ።