ኦነርስ ወይስ የምርምር ማስተርስ? ባዮሜዲካል ሳይንስ ለሚማሩ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ንግግራችን እዚህ አውስትራሊያ ባዮሜዲካል ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ደርሰው በምርምር ለመቀጠል ለሚያስቡ ነው። ኦነርስ ከ3 ዓመቱ ዲግሪ በኋላ የሚጨመር የ1 ዓመት የምርምር ትምህርት ነው። ወላጆች፣ ልጃችሁ «ማስተርስ ልገባ ነው» ሲላችሁ ደስ ይላችኋል፤ «ኦነርስ» ሲላችሁ ግን ፊታችሁ ትንሽ ቅር ይለዋል። አይፈረድባችሁም። በአገሪቱ የትምህርት ማዕቀፍ ኦነርስ ደረጃ 8፣ ማስተርስ ደረጃ 9 ነው። ሆኖም አንደኛ ደረጃ (ከፍተኛውን ውጤት) ኦነርስ ያገኘ ተማሪ ማስተርስ ሳይማር ፒኤችዲ መግባት ይችላል። ስለዚህ ከማዕረጉ በፊት የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ እንላለን። ልትሠሩት ያሰባችሁት ፕሮጀክት በስንት ሳምንት ያልቃል?

ኦነርስ አብዛኛውን ጊዜ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ይጀመራል፤ ቲሲሱ (የመመረቂያ ጽሑፉ) ደግሞ ኦክቶበር ውስጥ ይገባል። በግርድፉ 35 ሳምንት እንበል። ከዚህ ላይ ለላብ (ቤተ ሙከራ) ደህንነት ሥልጠና፣ ለሊትሬቸር ሪቪው (የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ) እና ለኮርሶቹ የሚሄደውን፣ መጨረሻ ላይም ለጽሑፍ የሚያስፈልገውን 5 ወይም 6 ሳምንት ቀንሱ። ለሙከራ የሚተርፋችሁ ከ22 እስከ 24 ሳምንት ቢሆን ነው።

አሁን አንድ ፕሮጀክት በዚህ ልክ እንለካ። ምርምራችሁን የሚመራው አማካሪ «ሁለት ጂን የጎደላቸው አይጦች ላይ ትሠራለህ» ይላል። በጣም ማራኪ ነው። አይጦቹ ግን ገና ካልተዳቀሉስ? የአይጥ እርግዝና 20 ቀን ያህል ነው፤ ልጆቹ ከእናታቸው የሚለዩት በ21 ቀናቸው ገደማ ነው፤ ለመራባት የሚደርሱት ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላቸው ነው። አንድ ትውልድ ብቻ ከ9 እስከ 11 ሳምንት ይበላል ማለት ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ዝርያዎች ታዳቅላላችሁ፤ ከዚያ የተወለዱትን እርስ በርስ ታዳቅላላችሁ። ሁለቱ ጂኖች በተለያየ ክሮሞዞም ላይ ካሉ፣ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ የጎደሉት የሚገኘው በአማካይ ከ16 አንዱ ላይ ነው። አንዲት እናት በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ትወልዳለች። ለሙከራ 6 አይጥ ቢያስፈልጋችሁ፣ ያውም በፆታና በዕድሜ የሚመሳሰሉ፣ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። የኦነርሱ ዓመት በመጠበቅ ያልቃል። ይኸው ፕሮጀክት ለ2 ዓመት ማስተርስ ግን በጣም ጥሩ ነው። አይጦቹ ዛሬ ላብ ውስጥ ተዘጋጅተው ካሉ ደግሞ ለኦነርስም ይሆናል።

«እኔ የምሠራው በሴል ነው፤ አይጥ አይነካካኝም» የምትሉም አትዘናጉ። ከቅዝቃዜ የወጣ ሴል ተረጋግቶ ለሙከራ እስኪደርስ 1 ወይም 2 ሳምንት ይፈልጋል። ክሪስፐር በተባለው የጂን መቁረጫ ዘዴ አንድ ጂን ቆርጦ ከአንድ ሴል የተነሳ ንጹሕ ክሎን ማግኘትና ማረጋገጥ 2 ወር ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያ ከገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፦ ሴሎቹ የሚያድጉበትን ፈሳሽ (ሚዲየሙን) አያደፈርስም፣ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም። የሴሎቹን ባሕርይ ግን ይለውጣል። በኦገስት ከተገኘ፣ ከዚያ በፊት ያገኛችሁትን ውጤት ሁሉ የሚያምነው የለም። ስለዚህ ላቡ ሴሎቹን በየስንት ጊዜው እንደሚመረምር ጠይቁ። ወር በወር የሚመረምር ላብ ይሻላል።

የሥነ ምግባር ፈቃድም አለ። የሰው ናሙና ወይም እንስሳ የሚነካ ሥራ ያለ ኮሚቴ ፈቃድ አይጀመርም። ፕሮጀክቱ ቀድሞ ፈቃድ ካለው ስማችሁን ማስጨመር ቀላል ማሻሻያ ነው። አዲስ ማመልከቻ ከሆነ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ጥያቄ ልኮ፣ መልስ ተቀብሎ እስኪጨርስ ወራት ሊሄዱ ይችላሉ። ለኦነርስ «ማመልከቻው በቅርቡ ይገባል» የሚል አማካሪ ካጋጠማችሁ፣ ሌላ ፕሮጀክት ጠይቁ ወይም ሌላ ላብ ፈልጉ።

ስለ ውጤት። ኦነርስ በመጨረሻ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። አንደኛ ደረጃ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከ80 ይጀምራል፣ በአንዳንዶቹ ከ85። 78 ያመጣ ተማሪ ፒኤችዲ የመግባት ዕድል አለው፤ ስኮላርሺፑ ግን ይከብደዋል፣ ምክንያቱም ተወዳዳሪዎች የሚደረደሩት በነጥብና በኅትመት ነው። የምርምር ማስተርስ ቲሲስ በውጭ ፈታኞች ይታያል፤ ብዙ ጊዜ «አልፏል» ወይም «ይታረም» ይባላል እንጂ ነጥብ አይሰጠውም። እዚያ ወደፊት የሚያራምዳችሁ የታተመ ጽሑፍና የፈታኞቹ አስተያየት ነው። አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ ሥራው ከሰመረ፣ በ12 ወር ገደማ ተገምግሞ ወደ ፒኤችዲ ሊዛወር ይችላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱበትን እናንሳ። የምርምር ማስተርስ ለመግባት ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኦነርስ ወይም ተመጣጣኝ የምርምር ልምድ ይጠይቃሉ። የ3 ዓመት ዲግሪ ብቻ ያለው ተማሪ «ማስተርስ» ብሎ የሚያመለክተው ብዙ ጊዜ ኮርስና ምርምር የተቀላቀለበትን ነው፤ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ የ2 ዓመት የባዮሜዲካል ሳይንስ ማስተርስ እንዲህ ያለ ነው። ትምህርቱ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን የክፍያ ሥርዓቱ ፈጽሞ ሌላ ነው።

ክፍያውን በአጭሩ። ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኦነርስ የመንግሥት ድጎማ አለው፤ ዜጋ የሆነ ተማሪ ቀሪውን ሄክስ በተባለው የመንግሥት የተማሪ ብድር ይይዘዋል፣ ቋሚ ነዋሪ ግን በአብዛኛው ከኪሱ ይከፍላል። ደመወዝ የሚባል የለም፤ ሆኖም መሥፈርቱን ለሚያሟላ የሴንተርሊንክ (የመንግሥት የድጎማ መሥሪያ ቤት) የተማሪ ድጎማ ሊቀጥል ይችላል። በንጹሕ የምርምር ማስተርስ የትምህርት ክፍያውን የፌዴራሉ የምርምር ሥልጠና ፕሮግራም እስከ 2 ዓመት ይሸፍናል፤ የኑሮ ድጎማው ግን በውድድር ነው፤ የሴንተርሊንኩም ይቆማል። ውድድሩን ሳያሸንፉ መግባት ማለት 2 ዓመት ያለ ገቢ መቀመጥ ነውና ቤተሰብ አስቀድሞ ይመካከርበት። ኮርስ የተቀላቀለበት ማስተርስ የድጎማ ቦታው ውስን ነው፤ ያላገኘ ሙሉውን ይከፍላል።

ሕክምና ለመግባት የምታስቡ፣ የሕክምና መግቢያ ፈተናው ጋምሳት በማርች እና በሴፕቴምበር ይሰጣል። የሴፕቴምበሩ ቲሲስ ከሚጻፍበት ሰሞን ጋር ይጋጫል። ኦነርስ የምትይዙ ከሆነ የማርቹን ውሰዱ፤ ዝግጅቱንም ኦነርሱ ሳይጀመር ጨርሱ። ማስተርስ ጀምሮ ሕክምና ሲገኝ አቋርጦ መሄድ አማካሪውን ያስቀይማል፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁም እሱ ነው።

የእኛን አስተያየት ከፈለጋችሁ፦ የሦስተኛ ዓመት አማካይ ውጤታችሁ ከ75 በላይ ከሆነ፣ ፕሮጀክቱም ፈቃዱና ናሙናው ተዘጋጅቶ ከጠበቃችሁ፣ ኦነርስ ያዙ። ውጤታችሁ 65 አካባቢ ከሆነና ላብ ውስጥ እጃችሁ ገና ካልተፍታታ፣ የ2 ዓመቱ ማስተርስ ይጠቅማችኋል፤ በ1 ዓመት ውስጥ ሙከራ ተበላሽቶ ለመድገም ፋታ የለም።

አማካሪ ስታናግሩ ከርእሱ ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦ በየቀኑ የሚያሠለጥነኝ ማነው? የእሱ ኮንትራት መቼ ያበቃል? ለሙከራው የምጠቀምበት አንቲቦዲ እዚህ ላብ ተፈትኗል? እርስዎስ በዓመቱ ውስጥ ረጅም ዕረፍት ይወጣሉ? ከዚያ አማካሪው በሌለበት አሁን ያሉትን ተማሪዎች አናግሩ፤ ባለፈው ዓመት ቲሲሳቸውን በጊዜው ያስገቡት ስንቱ እንደሆኑ ይነግሯችኋል።

በመጨረሻም፣ አማካሪ «እሺ» አለ ማለት ገባችሁ ማለት አይደለም። ለዩኒቨርሲቲው ለብቻው ማመልከት አለባችሁ፤ ቀነ ገደቡም ብዙ ጊዜ ከሦስተኛ ዓመት የመጨረሻ ፈተና በፊት ነው። አማካሪ መፈለግ በጁላይ እና በኦገስት ጀምሩ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።