ከዘይቱ በፊት፦ የማሳጅ ሙያ ስልጠና

[ምስል፦ ማለዳ፣ ጅማ። የቀን ሠራተኞች የቡና ጆንያ መኪና ላይ ይጭናሉ።]

ተራኪ፦ ለውጭ ገበያ የሚላክ አንድ ጆንያ ቡና 60 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ሲሸከም የዋለ ሰው ማታ ትከሻውን ለማን ይስጥ? አያቶቻችን ወደ ወጌሻ ይሄዱ ነበር፤ ዛሬም የሚሄድ ብዙ ነው። ማሸት ግን ማሰልጠኛ ተቋም ገብተው የሚማሩት ሙያም ነው።

[ምስል፦ መማሪያ ክፍል፣ የአጽም ሞዴል።]

አዲስ ሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ዘይት ይጠብቃል። የሚጠብቀው ግን ደብተር ነው። የአዋቂ ሰው አጥንት 206 ነው፤ ጡንቻው ከ600 ይበልጣል። ሁሉንም መሸምደድ አይጠበቅበትም። ከማጅራት ተነስቶ ትከሻን ይዞ እስከ ጀርባ የሚወርደውን ሰፊ ጡንቻ ግን ዓይኑን ጨፍኖም ማግኘት አለበት፤ የተሸካሚው ሕመም ያለው እዚያ ነውና።

[ምስል፦ ሰልጣኟ አልጋው አጠገብ ቆማ እጇን ታወርዳለች።]

ቡጢዋ የአልጋውን የላይኛውን ገጽ ነካ፤ ቁመቱ ልክ ነው ማለት ነው። ዝቅ ቢል ወገቧ፣ ከፍ ቢል ትከሻዋ ይጎዳል። ኃይሉ የሚመጣው ከእግር ነው፦ አንዱን እግር አስቀድማ የሰውነቷን ክብደት በመዳፏ ላይ ቀስ ብላ ታሳርፋለች። በአውራ ጣቱ ብቻ የሚሠራ ሰው ጣቱን ቶሎ ይጨርሳል።

ዘይቱ በመዳፍ ይሞቃል። ከዚያ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ፣ ደሙ ወደ ልብ በሚመለስበት አቅጣጫ ረጅም ዳበሳ። ጡንቻው ሲላላ እንደ ሊጥ ይታሻል።

[ምስል፦ ሁለት ባቶች፤ አንደኛው አብጧል።]

እዚህ ላይ ቁሙ። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ አይታሽም። ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ የረጋው ደም ከተነቀለ ወደ ሳንባ ሄዶ ሰው ሊገድል ይችላል። ትኩሳት ያለበትም፣ ቆዳው የቆሰለም፣ አጥንቱ የተሰበረም እንዲሁ ወደ ሐኪም ይላካል። ጅማ ሪፈራል ሆስፒታል ያላት ከተማ ናት። ደንበኛ መመለስ ገቢ ያሳጣል፤ እኔ ግን የሰልጣኝን ብቃት የምለካው ከሁሉ በፊት በዚህ ነው።

[ምስል፦ ተሸካሚው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሰልጣኟ ፎጣ ይዛ ትጠይቃለች።]

ሰልጣኟ፦ «ጋሼ፣ ከመጀመሬ በፊት፤ በቅርቡ ወድቀዋል? እግርዎ አብጦ ያውቃል? የሚወስዱት መድኃኒትስ አለ?»