ድንጉላው ሰኞ ይወጣል፣ ቅዳሜ ይገባል

ማህሌት፦ ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ እርሻ ፈረስ እርባታ ነው። ትራክተር ከመምጣቱ በፊት፣ ስኮትላንድ ውስጥ። ደሬ ሳምንቱን ሙሉ ስለዚህ ብቻ ሲያወራኝ ነው የከረመው።

ደረጀ፦ እንቅልፍ አሳጥቶኛል። ግን ከስኮትላንድ በፊት አያቴን ላስገባ።

ማህሌት፦ ገና ሳንጀምር?

ደረጀ፦ ያለ እሱ አይሆንልኝም። አያቴ አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረችው። ባዝራ ሴት ፈረስ ናት፣ ለማያውቅ። ከእሷ በቅሎ ማግኘት ፈለገ። በቅሎ ደግሞ ከባዝራና ከወንድ አህያ ነው የምትወለደው። ደህና አህያ ያለው ሰው የሚኖረው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ነው። እኔ ሰባት ወይ ስምንት ዓመቴ ነው። ሌሊት ቀሰቀሰኝና ወጣን። ወንዝ ተሻገርን፣ ዳገት ወጣን። ስንደርስ ባዝራዋ አህያውን አላስጠጋም አለች። ጆሮዋን ወደ ኋላ ልጥፍ አድርጋ ትራገጣለች።

ማህሌት፦ ድራት ላይ አይደለችማ፤ ወንድ የምትፈልግበት ቀን አይደለም።

ደረጀ፦ አልፏታል! ቀኑ አልፏታል። አያቴ ምንም አልተናገረም። ልጓሙን ይዞ ዝም ብሎ ቆመ። የአህያው ባለቤት ጠላ ሰጠውና “ከሦስት ሳምንት በኋላ ኑ” አለን። ያን ሁሉ መንገድ ተመለስን። በባዶ እግሬ ነበርኩ፤ ተረከዜ ተሰንጥቆ ደምቷል።

ማህሌት፦ ወይኔ፣ ልጁን!

ደረጀ፦ እና ስለ ስኮትላንድ ሳነብ ክው ያልኩት ለምን መሰለሽ? እዚያ ባዝራዋ አትሄድም። ድንጉላው ነው የሚመጣው! ደጅሽ ድረስ!

ማህሌት፦ ድንጉላ ያልተኮላሸው ወንድ ነው አይደል?

ደረጀ፦ አዎ፣ ለዘር የሚቀመጠው። ክላይድስዴል የሚባለው ዝርያ ነው። ስምንት ዘጠኝ ኩንታል የሚመዝን ፈረስ። ከጉልበቱ በታች እንደ ቀሚስ ዘርፍ የሚወርድ ነጭ ፀጉር አለው። እሱን አንድ ሰው ሰኞ ጠዋት ይዞት ይወጣል። በእግሩ ነው፤ አይቀመጥበትም። ጋማው ተጎንጉኖ ሪባን ታስሮበታል። ከመንደር መንደር እየዞሩ፣ በየገበሬው ቤት እያደሩ፣ ቅዳሜ ይመለሳሉ። ሰኞ እንደገና። ጸደይ መጥቶ በጋው እስኪጋመስ ድረስ እንዲህ ነው።

ማህሌት፦ ወቅቱ ለምን ተመረጠ?

ደረጀ፦ ባዝራ የምታረግዘው አስራ አንድ ወር ነው። በግንቦት ካስጠቃሻት፣ ማለት ከድንጉላው ጋር ካገናኘሻት፣ በሚቀጥለው ሚያዝያ ትወልዳለች። ሣሩ ለምለም ሆኖ ይጠብቃታል፤ ወተቷ ይሞላል። አሁን ደግሞ ዋናውን ስሚ። ፈረሱ በየሳምንቱ በዚያው ቀን በዚያው በር ያልፋል። ባዝራ ድራቷ የሚመላለሰው በየሃያ አንድ ቀን ነው። ሦስት ሳምንት ማለት ነው።

ማህሌት፦ እንዴ! በሦስተኛው ዙር...

ደረጀ፦ በሦስተኛው ዙር ልክ ቀኗ ላይ ይደርሳል! በመሃላቸው የእንጨት አጥር ይሆናል። ድንጉላውን ወደ አጥሩ ያስጠጉታል። እሷ ተረጋግታ ከቆመች አልያዘችም፤ እንደገና ትጠቃለች። ከጮኸችና ከተራገጠች አርግዛ ይሆናል ይላሉ። መሣሪያ የለ፣ ሐኪም የለ።

ማህሌት፦ የአያትህ ባዝራም ተራግጣለች እኮ።

ደረጀ፦ እሷስ ቀኑ አልፏት ነው! ለዚህ እኮ ነው የአያቴ ድካም የሚቆጨኝ። ዘዴው ያ ሁሉ ሰው አብሮ መክፈሉ ነው። አንድ ገበሬ ሁለት ወይ አራት ባዝራ ነው ያለው። ለዚያ ብሎ ድንጉላ አይገዛም። ስለዚህ የአካባቢው ገበሬዎች ማኅበር ገንዘብ ያዋጣል። ግላስጎው የድንጉላ ትርዒት አለ። ኮሚቴያቸው ሄዶ ያያል። እግሩን፣ ሰኮናውን፣ አረማመዱን። የወደዱትን ለዚያ ዓመት ለወረዳቸው ይከራያሉ።

ማህሌት፦ እንደ እቁብ በለው።

ደረጀ፦ በይው! ከዚያ ባለ ባዝራው ሲያስጠቃ ትንሽ ይከፍላል፤ ቀሪውን ማርገዟ ሲታወቅ።

ማህሌት፦ እኔ ብሆን ውርንጭላው ተወልዶ ካልቆመ አምስት ሳንቲም አልከፍልም።

ደረጀ፦ ሰውየው እኮ ሳምንቱን ሙሉ በእግሩ ሄዷል ማሂ!

ማህሌት፦ ባዝራዋ አስራ አንድ ወር ተሸክማለች። የእሷን ድካም ማን ከፈለ?

ደረጀ፦ እሱ... እሱም እውነት ነው። በዚያ ላይ እርጉዝ ሆና ታርሳለች። ሲያርሱ የነበሩት በአብዛኛው ባዝራዎቹ ናቸው። ወንዱን ውርንጭላ ኮላሽተው ያሳድጉና ለከተማ ይሸጡታል። ግላስጎው ከሰል የሚጎትት፣ ከወደብ ዕቃ የሚያመላልስ ፈረስ ትፈልጋለች። ለገበሬው ጥሬ ብር ነው። ግን ድንጉላው ጥሩ ካልሆነ ከየት ይመጣል? አንዱ ድንጉላ በአንድ ወቅት የወረዳውን ሁሉ መልክ ይቀይራል። ባዝራ በዓመት አንድ ነው የምትወልደው።

ማህሌት፦ “በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች።” በቅሎዋ እንኳ በማን እንደምትኮራ ታውቃለች።

ደረጀ፦ አያቴም ይቺን ነበር የሚላት! ጥሩ ባዝራ ያለው ሰው ደሃ አይደለም ይል ነበር። እሺ፣ ለአንቺ የምትመች አንድ አለችኝ። በፈረንጆች 1808 ላምፒትስ የሚባል እርሻ ያለው ሰው ከጨረታ አንዲት የሁለት ዓመት ባዝራ ገዛ። ልጇ ግላንሰር ይባላል። ከዛሬዎቹ ክላይድስዴሎች ብዙዎቹ የሚቆጠሩት ወደ እሱ ነው። እሷ ግን የራሷ ስም የላትም። መዝገቡ ላይ “የላምፒትስ ባዝራ” ናት።

ማህሌት፦ አየህ! ልጁ ስም አለው፣ እናትየው በእርሻ ትጠራለች።

ደረጀ፦ እሱን አልከራከርሽም። ዝርያው ላይ ግን ድንጉላው ነው የምለው።

ማህሌት፦ እኔም የምለውን ብያለሁ። ቀጥል።

ደረጀ፦ ማኅበራቸው በ1877 ተቋቋመ፤ የዘር መዝገብ መያዝ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ዋጋው ሰማይ ነካ። ባሮን ኦፍ ባክላይቪ የሚባል ድንጉላ ነበር። በ1900 ተወለደ። ባክላይቪ መንደር ነው፣ ባሮን ማዕረግ ነው። እኛ ጋ ሰው ነው በፈረሱ የሚጠራው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። እነሱ ፈረሱን ራሱን ጌታ አሉት።

ማህሌት፦ ደስ ሲል!

ደረጀ፦ ኪልፓትሪክና ደንሎፕ የሚባሉ ሁለት አርቢዎች በ700 ፓውንድ በጋራ ገዙት። ቆይተው በባለቤትነቱ ተጣሉ። ፍርድ ቤት ገቡ። ክርክሩ እስከ እንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። በመጨረሻ በ1911 ኤር ከተማ ውስጥ በጨረታ ተሸጠ። ስንት? 9,500 ፓውንድ!

ማህሌት፦ ለአንድ ፈረስ? በዚያ ዘመን?

ደረጀ፦ ለአንድ ፈረስ! የገዛውም ያው ደንሎፕ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ፈረሱ ሞተ። እንዴት እንደሞተ ግን አልነግርሽም።

ማህሌት፦ ደሬ!

ደረጀ፦ ባዝራ ረግጣው።

ማህሌት፦ እሰይ! ማለቴ፣ ያሳዝናል። ግን ነግሬህ ነበር።

ደረጀ፦ የፊት እግሩ ተሰበረ፤ የማይድን ሆነና ገደሉት። ደንሎፕ ጓሮው ቀበረው። በኋላ አጥንቱ ወጥቶ ዛሬ ግላስጎው ኬልቪንግሮቭ ሙዚየም ቆሟል። ፎቶውን ደጋግሜ ነው ያየሁት። የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ያን የሚያህል ፈረስ ይዞ መንደር ለመንደር የሚዞረውን ሰው የሚያስታውስ የለም። ዝናብ ላይ ነው፣ ጭቃ ላይ ነው። ድንጉላው ባዝራ ሸትቶት ሲቆም በአንድ ገመድ ነው የሚይዘው። የቱ ገበሬ ይከፍላል፣ የቱ አይከፍልም፣ የማን ባዝራ መቼ ድራት መጣባት፣ ሁሉም እሱ ጋ ነው።

ማህሌት፦ ሕግ የሚባል ነገር አልነበረም? ማንም ፈረሱን ይዞ መዞር ይችላል?

ደረጀ፦ መጀመሪያ አዎ። በ1918 ነው ሕግ የወጣው። ድንጉላ ለርቢ የሚያዞር ሰው ፈቃድ አለው ወይ ተባለ። ለልጆቹ የሚያወርሰው በሽታ ያለበት እንዳይዞር ነው። በኋላ ትራክተሩ መጣና... እሱን ሌላ ቀን።

ማህሌት፦ ሰዓታችንም አልቋል። ግን ሳትነግረኝ አትሄድም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሳችሁ?

ደረጀ፦ ተመለስን። አያቴ ገበያ ሄዶ ኮንጎ ጫማ ገዝቶልኛል። የመጀመሪያ ጫማዬ። በዚያ ቀን ባዝራዋ ፀጥ ብላ ቆመች። ከዓመት በኋላ በቅሎ ወለደች።

ማህሌት፦ የባዝራዋ ስም ማን ነበር?

ደረጀ፦ ስም አልነበራትም። ዳማዋ ነበር የምንላት።